የጎደለ ጥርስን ለመተካት፦ ኢምፕላንት፣ ብሪጅ ወይስ የሚወልቅ ጥርስ? ለጎጃም ነዋሪዎች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ከሐኪም ጋር የሚደረገው ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ከዋጋ ይጀምራል፤ በእኔ እምነት ግን መጀመር ያለበት ክፍተቱን ከሚያዋስኑት ሁለት ጥርሶች ነው። እነዚያ ጥርሶች ጤነኛና ያልተነኩ ሲሆኑ አንድ ዓይነት አማራጭ ያዋጣል፤ ቀድሞ የተሞሉ፣ የተሸረፉ ወይም ሥራቸው የታከመ ሲሆኑ ሌላ ያዋጣል፤ ከነአካቴው ከሌሉ ደግሞ ስሌቱ ሁሉ ይቀየራል። ሁለተኛው ጥያቄ የመንጋጋ አጥንት ነው። ሦስተኛው በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣ ወይም በቢቸና ለሚኖር ሰው ከሁሉ ሊቀድም የሚችል ነው፤ የተሠራው ጥርስ ከአምስት ዓመት በኋላ ቢላላ ወይም ቢሰበር ማን ያየዋል? የትስ ተኪዶ ይታያል? ከዚህ በታች የሚቀርበው ንጽጽር በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ይመሠረታል።

ከማስነቀል በፊት

ከኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ ከሚገባ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር)፣ ከብሪጅ (በጎረቤት ጥርሶች ላይ ከሚጣበቅ ምትክ ጥርስ) እና ከሚወልቅ ጥርስ አስቀድሞ መታየት ያለበት ሌላ አማራጭ አለ፤ እርሱም ጥርሱን አለማስነቀል ነው። የሚያም ጥርስ ሁሉ የሚነቀል አይደለም። ሕመሙ የመጣው ከነርቩ ከሆነና ከድድ በላይ በቂ የጥርስ አካል ካለ፣ የሥር ሕክምና (የታመመው ነርቭ ወጥቶ ሥሩ የሚሞላበት) ተደርጎለት ክራውን (ጥርስን ዙሪያውን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ልባስ) የለበሰ ጥርስ ለብዙ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ጉንጩን ይዞ ሲንቆራጠጥ አድሮ በማለዳ ከገጠር የገባ ሰው «ንቀሉልኝና ልረፍ» ቢል አይፈረድበትም፤ ነገር ግን በሩብ ሰዓት የሚነቀለውን ጥርስ ለመተካት ወራትና ብዙ ገንዘብ እንደሚጠይቅ አስቀድሞ የሚነግረው ቢያገኝ ኖሮ ምናልባት ውሳኔው ሌላ ይሆን ነበር።

ጥርሱ የግድ የሚነቀል ከሆነ፣ ወደፊት ኢምፕላንት የማስገባት ሐሳብ እንዳለ ከመነቀሉ በፊት ለሐኪሙ መንገር ይገባል። ጥርሱን ይዞ የኖረው አጥንት ጥርሱ ሲሄድ ሥራ ፈት ይሆናልና መሟሸሽ ይጀምራል፤ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ውፍረቱ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ከዚህም አብዛኛው የሚቀንሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። የታካሚውን ሐሳብ ያወቀ ሐኪም በተቻለ መጠን አጥንቱን ሳይጎዳ ይነቅላል፤ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘውም ጉድጓዱን አጥንት በሚተካ ዱቄት ሊሞላው ይችላል። እግረ መንገድ አንድ ነገር ልጥቀስ፤ ይህ ዱቄት ከራስ አጥንት፣ ከከብት አጥንት ወይም ከሰው ሠራሽ ነገር ይዘጋጃል፤ ከላይ የሚሸፈንበት ስስ ሽፋን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአሳማ የሚገኝ ነው። ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ ይህ ጉዳይ የሚያሳስበው ታካሚ ዕቃው ከምን እንደተሠራ አስቀድሞ ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ ከከብት የሚዘጋጅ ሽፋንም ይገኛል።

ከብዙ ዓመት በፊት ያስነቀለ ሰው ኢምፕላንት አይቻለውም ማለት አይደለም። አጥንቱ ግን በቅድሚያ መለካት አለበት፤ ከሳሳም አጥንት የመጨመር ሥራ ይቀድማል፤ ይህም ዋጋውንም ጊዜውንም ያበዛዋል።

ኢምፕላንት

ኢምፕላንት በተነቀለው ጥርስ ሥር ቦታ አጥንት ውስጥ የሚገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከታይታኒየም የሚሠራ ብሎን ነው። በላዩ ላይ አገናኝ ምሰሶ ይታሰርበታል፤ በምሰሶው ላይ ደግሞ ጥርስ የሚመስለው ክራውን ይቀመጣል። አሠራሩ የተመሠረተበት ግኝት በአጋጣሚ የተገኘ ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የደም ዝውውርን ለማጥናት በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ያስገባውን የታይታኒየም መሣሪያ ሊያወጣ ሲሞክር አጥንቱ ይዞ አልለቅ አለው። ከዚያ ተነሥቶ በ1965 በጎተንበርግ ከተማ ዮስታ ላርሶን ለተባለ፣ የታችኛው መንጋጋው ጥርስ አልባ ለነበረ ሰው ኢምፕላንት አስገባለት፤ ላርሶን በ2006 እስኪሞት ድረስ ከ40 ዓመት በላይ በእነዚያው ኢምፕላንቶች ተጠቅሟል። ስለዚህ ኢምፕላንትን ገና ያልተፈተነ አዲስ ነገር አድርጎ የሚፈራ ሰው ፍርሃቱ መሠረት የለውም። በትክክል ከገቡና በንጽሕና ከተያዙ ኢምፕላንቶች መካከል ከመቶው ከ90 የሚበልጡት ከ10 ዓመት በኋላም በቦታቸው ይገኛሉ።

ሥራው እንደሚከተለው ይካሄዳል። ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፤ ድዱ በቀጭኑ ተሠንጥቆ ይገለጣል፤ ከዚያም አጥንቱ መጀመሪያ በቀጭን፣ ቀጥሎ ደረጃ በደረጃ ወፈር ባሉ መሰርሰሪያዎች ይበሳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በመሰርሰሪያው ላይ ቀዝቃዛ የጨው ውኃ ሳያቋርጥ ይፈስሳል፤ የአጥንቱ ሙቀት ለአንድ ደቂቃ ያህል ወደ 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ ሕዋሳቱ ስለሚሞቱና የሞተ አጥንት ብሎኑን ስለማይዝ ነው። ታካሚው የሚሰማው ንዝረትና ግፊት እንጂ ሕመም አይደለም። በመጨረሻም ብሎኑ በትንሽ ቁልፍ እየተዞረ ይጠብቃል፤ ድዱም ይሰፋል። ነጠላ ኢምፕላንት ለማስገባት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ጊዜ ይበቃል። የሚረዝመው ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው፤ አጥንቱ ብሎኑን አጥብቆ እስኪይዝ በታችኛው መንጋጋ 3 ወር ገደማ፣ አጥንቱ ሳሳ በሚልበት በላይኛው መንጋጋ ደግሞ እስከ 6 ወር ይጠበቃል፤ ክራውኑ የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው ዕለት ጥርስ የሚገጠምበት አሠራር መኖሩ እውነት ነው፤ ሆኖም አጥንቱ ጠንካራና ብሎኑ ገና ሲገባ አጥብቆ የተያዘ መሆን ስላለበት ለሁሉም ሰው የሚሆን አይደለም። «በአንድ ቀን ጨርሰው ይሄዳሉ» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ይህን በልቡ ይያዝ።

የኢምፕላንት ትልቁ ብልጫ ጎረቤቶቹን አለመንካቱ ነው። በግራና በቀኝ ያሉት ጥርሶች አይሞረዱም፤ የመንጋጋው አጥንትም ሥራ ስላገኘ እንደ ባዶ ቦታ አይሟሽሽም። ከዚህም በላይ ኢምፕላንት በትል አይበላም። ይህን የሰማ ሰው ታዲያ «መቦረሽ አያስፈልገውም» ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል፤ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በኢምፕላንት ዙሪያ ያለው ድድ ቆሻሻ ሲጠራቀምበት ይቆጣል፤ ካልታከመም ቁጣው ወደ አጥንቱ ወርዶ ብሎኑን የያዘውን አጥንት ቀስ በቀስ ይበላዋል። ሕመም ስለሌለው ሰውየው የሚነቃው ብዙ አጥንት ከጠፋ በኋላ ሊሆን ይችላል። በድድ በሽታ ምክንያት ጥርሶቹ እየተነቃነቁ የወለቁበት ሰው መጀመሪያ የድድ በሽታውን ሳያስታክም ኢምፕላንት ቢያስገባ ያው በሽታ አዲሱንም ይከተለዋል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የማይነገር ልዩነት የስሜት ጉዳይ ነው። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዘው በቀጭን የጅማት ሽፋን ሲሆን፣ ቆሎ ውስጥ የገባችን ጠጠር ገና ሲነክሳት የሚያውቀው በዚህ ሽፋን ነው። ኢምፕላንት ሽፋኑ የለውም፤ በቀጥታ ከአጥንት ጋር ተያይዟል። ስለዚህ በኢምፕላንት ላይ ያለ ክራውን ጠጠሯን ሳያውቅ በሙሉ ኃይል ይነክሳትና ሴራሚኩ ሊሸረፍ ይችላል። ሽምብራ ቆሎ የሚወድ ሰው ኢምፕላንት ስላስገባ ቆሎ አይከለከልም፤ መልቀም ግን ይኖርበታል። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ይህን ልማዱን ለሐኪሙ ሳይነግር ማለፍ የለበትም።

ኢምፕላንት የማይመከርላቸው ወይም ቅድመ ዝግጅት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ልጅ መንጋጋው ገና ስለሚያድግ ይጠብቃል፤ ብሎኑ ከአጥንቱ ጋር አብሮ አያድግምና ከጎረቤቶቹ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ስኳሩ ቁጥጥር ውስጥ ያልገባ ታካሚ ቁስሉ ቶሎ አይድንለትም፤ የስኳር ሕመም ያለበት ግን በደንብ የሚቆጣጠረው ሰው ኢምፕላንት ማስገባት ይችላል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የመክሸፍ ዕድሉ ከማያጨስ ሰው ይበልጣል። ለአጥንት መሳሳት ወይም ወደ አጥንት ለተዛመተ ካንሰር እንደ ዞሌድሮኒክ አሲድና አሌንድሮኔት ያሉ መድኃኒቶችን የወሰደ፣ እንዲሁም መንጋጋው ላይ የጨረር ሕክምና የተደረገለት ሰው ይህን ከመናገር ፈጽሞ መዘንጋት የለበትም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ አያቁም፤ የጥርስ ሐኪሙና የልብ ሐኪሙ ተነጋግረው ይወስኑ። በፈለገ ሕይወት ወይም በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ክትትል ያለው ሰው የክትትል ካርዱንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ይዞ ቢሄድ የሐኪሙን ግምት ያስቀራል።

ብሪጅ

ብሪጅ ማለት ክፍተቱን የሚያዋስኑት ሁለት ጥርሶች ዙሪያቸውን ተሞርደው እንደ ምሰሶ ሲያገለግሉ፣ የጎደለው ጥርስ ምትክ በመካከላቸው ተንጠልጥሎ ሦስቱም እንደ አንድ አካል ሆነው በሲሚንቶ የሚጣበቁበት አሠራር ነው። ከውስጥ ብረት፣ ከላይ ሴራሚክ ሆኖ ይሠራል፤ አሁን አሁን ዚርኮኒያ የተባለው ነጭ ጠንካራ የሴራሚክ ዓይነትም ተስፋፍቷል። ጊዜው አጭር ነው፤ ጥርሶቹ በተሞረዱበት ቀን ልክ ይወሰዳል፣ ጊዜያዊ ጥርስ ይደረጋል፤ ላቦራቶሪው ሥራውን እንደጨረሰ፣ በጥቂት ቀናት ወይም በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ይገጠማል። ቀዶ ሕክምና የለውም፤ የስኳር ታካሚም፣ ቢላ የሚፈራም ሰው ሊያሠራው ይችላል።

ዋጋውን የሚከፍሉት ጎረቤቶቹ ናቸው። ጥርስን ለክራውን ለማዘጋጀት ከድድ በላይ ከሚታየው አካሉ ከግማሽ የሚበልጠው ሊሞረድ ይችላል፤ የተሞረደ ጥርስ ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም። አንዳንዱም ከዓመታት በኋላ ነርቩ ሞቶ የሥር ሕክምና ይጠይቃል። ስለዚህ ፍርዴን በግልጽ ላስቀምጥ፤ በሁለቱም በኩል ምንም ያልነካቸው ጤነኛ ጥርሶች ያሉት የ25 ዓመት ወጣት አንድ ጥርስ ለመተካት ብሎ ሁለቱን ማስሞረዱ አይታየኝም፤ ገንዘብ እስኪያገኝ ድረስ በሚወልቅ ጥርስ ቢቆይ ይሻለዋል። በሌላ በኩል ጎረቤቶቹ ቀድሞውኑ ትልቅ ሙሌት ያለባቸው፣ የተሰነጠቁ ወይም ሥራቸው ታክሞ ክራውን የሚጠብቁ ከሆነ፣ ብሪጅ ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራልና ኢምፕላንት ካልሆነ ማለት ያለ ጥቅም ገንዘብ ማባከን ነው።

በደንብ የተያዘ ብሪጅ ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በክራውኑ ጠርዝና በድዱ መካከል ምሰሶ የሆነው ጥርስ በትል ሲበላ ነው። ሁለተኛው ስውር ነው፤ ሲሚንቶው በአንድ በኩል ብቻ ይለቅና በሌላው በኩል የተያዘው ብሪጅ ሳይወልቅ ይቆያል፤ በለቀቀው በኩል ግን ምራቅና ምግብ እየገባ ጥርሱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ምልክቱ በዚያ በኩል በምላስ የሚታወቅ መጥፎ ጣዕም ወይም ጠረን፣ ሲነከስም ብሪጁ በትንሹ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። ይህን ያስተዋለ ሰው ባይታመምም ወደ ሐኪም ይሂድ። የተንጠለጠለው ጥርስ ሥር በተራ ብሩሽም በመፋቂያም አይደረስበትም፤ በጠንካራ ጫፉ ከሥር የሚሾልክ የብሪጅ ክር ወይም ቀጭን የጥርስ መሐል ብሩሽ ያስፈልጋል፤ ብሪጁ የሚገጠም ዕለትም አጠቃቀሙን መስታወት ይዘው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ።

ለፊት ጥርስ የሚሆን ሌላ የብሪጅ ዓይነት አለ። ምትኩ ጥርስ ከጎረቤቱ ጀርባ በሚለጠፍ ቀጭን ክንፍ ይያዛል፤ ጎረቤቱ ወይ አይሞረድም፣ ወይ በጥቂቱ ብቻ ይነካል። ሁለት ክንፍ ካለው ይልቅ አንድ ክንፍ ብቻ ያለው የተሻለ እንደሚቆይ ተረጋግጧል፤ ሁለት ሲሆን ጥርሶቹ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ አንዱ ክንፍ ይላቀቃልና። በአደጋ የፊት ጥርሱን ላጣ፣ መንጋጋው ገና ለሚያድግ ወጣት ከዚህ የተሻለ መቆያ አላውቅም።

የሚወልቅ ጥርስ

የሚወልቅ ጥርስን «የሽማግሌ ጥርስ» እያሉ የሚያጣጥሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ብዙ ጥርስ በተለያየ ቦታ ለጎደለው፣ አቅሙ ለማይፈቅድለት ወይም አጥንቱ ለሟሸሸ ሰው እውነተኛ መፍትሔ ነው። ርካሹ ከፕላስቲክ (አክሪሊክ) የሚሠራው ነው። ከኮባልትና ክሮም ቅይጥ ብረት የሚሠራው ግን ቀጭን፣ ጠንካራና በሚቀሩት ጥርሶች ላይ የሚደገፍ በመሆኑ ድዱን አይጫንም፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። በሚለመጥ ናይለን የሚሠራው የብረት ማቀፊያ ስለማይታይበት ይወደዳል፤ ሲሰበር ግን ለመጠገን አስቸጋሪ ነው። አክሪሊክ ጥርስ ሲሰበር ላቦራቶሪ ባለበት ከተማ ሁሉ በአጭር ጊዜ ይጠገናል፤ ሌላ ጥርስ ቢነቀልም በዚያው ላይ ሊጨመርበት ይችላል። ከዞን ከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ሙሉ ለሙሉ ጥርስ ያጣ ሰው ጉዳይ ለብቻው ይታያል። የላይኛው ሙሉ ጥርስ ሰፊውን የላንቃ ገጽ ሸፍኖ በመሳብ ኃይል ስለሚያዝ ብዙ ጊዜ ያረካል። የታችኛው ግን መቀመጫው ጠባብ ነው፣ ምላስም ዘወትር ይገፋዋል። አንዳንድ እናቶች በእንግዳ ፊት ቁርጥና ቆሎ ሲቀርብ «ጠግቤአለሁ» የሚሉት፣ ሲስቁም በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን የሚሸፍኑት ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። በተመቸ ሙሉ የሚወልቅ ጥርስ እንኳ የመንከስ ኃይል ከተፈጥሮ ጥርስ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ኢምፕላንት ባለው ገንዘብ ልክ ከሁሉ የላቀ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በታችኛው መንጋጋ ፊት ለፊት ሁለት ኢምፕላንት ብቻ ይገባና የሚወልቀው ጥርስ እንደ ቁልፍ «ጠቅ» ብሎ ይያዝባቸዋል። በ2002 (እ.ኤ.አ.) በካናዳ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ጥርስ አልባ ለሆነ የታችኛው መንጋጋ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ያለበት ይህ ነው ብለው ተስማምተዋል። ለአባትና ለእናታቸው ጥርስ ለማሠራት ገንዘብ የሚያዋጡ ልጆች መላውን አፍ በኢምፕላንት ስለመሙላት ከማሰባቸው በፊት ስለዚህ ይጠይቁ።

አያያዙ ቀላል ነው። ሌሊት ይወልቃል፤ ድዱ ማረፍ አለበት። በሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል፤ የጥርስ ሳሙና ይፈገፍገዋል፤ የፈላ ውኃም ቅርጹን ያጣምመዋል። ሲታጠብ ከታች ውኃ የያዘ ሳፋ ማስቀመጥ ከእጅ ቢያመልጥ እንዳይሰበር ይረዳል፤ ከአፍ በወጣ ጊዜም ደረቅ ቦታ ሳይሆን ውኃ ውስጥ ይደር። አጥንቱ በየጊዜው ስለሚሟሽሽ ጥርሱ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይላላል፤ ያኔ ከሥሩ አክሪሊክ ተጨምሮ እንደገና ይስተካከላል። ያቆሰለን ጠርዝ በቤት ውስጥ በሞረድ ለማስተካከል መሞከር ሥራውን ያበላሻል።

የፊት ጥርስና ፈገግታ

የመንጋጋ ጥርስን መተካት የማኘክ ጉዳይ ነው፤ የፊት ጥርስ ግን ከድዱ ጋር ተደምሮ ይታያል። አጥንቱ ከሟሸሸ በኢምፕላንት ላይ የሚሠራው ክራውን ከጎረቤቶቹ ረዝሞ ይወጣል፤ ድዱ ስስ ከሆነም የታይታኒየሙ ግራጫነት ሊያንጸባርቅ ይችላል። ሲስቅ ድዱ የማይታይ ሰው ብዙም አይነካውም፤ ስለዚህ ሐኪሙ ታካሚው ከልቡ ሲስቅ ማየት አለበት፤ አፍን ከፍቶ መቀመጥ ብቻውን አይበቃም።

በጎጃም የድድ ውቅራት ያላቸው እናቶች ጥቂት አይደሉም፤ ለእነርሱ ይህ ነጥብ በተለየ መንገድ ይመጣል። የጠቆረ ድድ የብረቱን ግራጫነት ስለሚደብቅ ለኢምፕላንት ይመቻል። የሚወልቅ ጥርስ ሲሠራ ግን የተለመደው ደማቅ ሮዝ አክሪሊክ ከተወቀረው ድድ አጠገብ ሲቀመጥ ከሩቅ ያስታውቃል። ቴክኒሻኑ ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ቀለም ሊቀላቅልበት ይችላል፤ ነገር ግን ካልተነገረው ሮዙን ይሠራል። በሰም ላይ የተደረደረው ጥርስ ለሙከራ አፍ ውስጥ የሚገባበት ቀን አለ፤ የጥርሱ ቀለም፣ ቁመትና ክፍተት የሚለወጠው በዚያ ቀን ነው። የቀድሞ ፎቶግራፍ ይዞ መሄድ፣ ከተቻለም አንድ ቤተሰብ አብሮ ቢገኝ መልካም ነው። ከድሮው ጀምሮ በፊት ጥርሷ መካከል ፍንጭት የነበራት ሴት «ፍንጭቴን መልሱልኝ» ብትል የሚቻል ነው፤ በነጠላ ኢምፕላንት ወይም በሚወልቅ ጥርስ ይሠራል፤ በተለመደው፣ ሁሉም በተያያዘበት ብሪጅ ግን አስቸጋሪ ነው።

ክፍተቱን መተው

ይህም አማራጭ ነው። መሐል ላይ ያለ ጥርስ ሲጎድል ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ሊያዘነብሉ፣ ከፊት ለፊቱ ያለው ጥርስ ደግሞ ተጓዳኝ አጥቶ ሊወርድ ወይም ሊወጣ ይችላል። የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርስ ሲጎድል ግን ብዙ ሰው ያለ ችግር ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 20 የተፈጥሮ ጥርስ ያለው አፍ ለመብላትም ለመታየትም በቂ እንደሆነ ይቀበላል። ከኋላ አንድ የመንጋጋ ጥርስ የጎደለው፣ የማይቸገር ሰው «የግድ መተካት አለበት» ሲባል ምክንያቱን ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ዋጋ፣ ወረቀትና ቀን መቁጠሪያ

ዋጋ ከክሊኒክ ክሊኒክና ከጊዜ ጊዜ ስለሚለያይ ቁጥር አልጠቅስም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ግልጽ ነው፤ የአክሪሊክ የሚወልቅ ጥርስ ዝቅተኛው፣ ብሪጅ መካከለኛው፣ ኢምፕላንት ከፍተኛው ነው። የኢምፕላንት ዕቃዎች ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ዋጋቸው ከውጭ ምንዛሪ ጋር አብሮ ይወጣል። ዋጋ ሲጠየቅ የብሎኑ ብቻ ነው ወይስ ምሰሶውንና ክራውኑን፣ ባለ ሦስት ገጽታ ራጁን፣ ጊዜያዊ ጥርሱንና የክትትል ቀጠሮዎችን ያካትታል የሚለው በጽሑፍ ይሁን። «የማይወልቅ ጥርስ እንሠራለን» የሚለው ቃል ብሪጅም ኢምፕላንትም ሊሆን ስለሚችል ሁለት ክሊኒክ የሰጡትን ዋጋ ከማነጻጸር በፊት ስለ አንድ ነገር እያወሩ መሆናቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ብሎኑ ከነርቩ ምን ያህል እንደሚርቅ ሳይለካ ሥራ የሚጀምርን ሰው ማለፍ ይሻላል፤ በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ለከንፈር ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል፤ በብሎኑና በነርቩ መካከል ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር እንዲኖር ይፈለጋል።

ኢምፕላንት ያስገባ ሰው የአምራቹን ስም፣ የብሎኑን ውፍረትና ርዝመት እንዲሁም የዕቃውን መለያ ቁጥር የያዘውን ወረቀት ተቀብሎ ማስቀመጥ አለበት። ስትራውማን፣ ኖቤል ባዮኬር፣ ኦስቴምና ሌሎችም አምራቾች የየራሳቸው ዓይነት ማያያዣና መፍቻ አላቸው፤ የአንዱ ለሌላው ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ የተሠራ ኢምፕላንት ምሰሶው ባሕር ዳር ውስጥ ቢላላ፣ ወረቀቱ ያለው ሰው ምናልባት እዚያው ይጠበቅለታል፤ የሌለው ሰው ዓባይን እንደገና ይሻገራል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ለሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም።

ለገበሬ ቤተሰብ የጊዜ ምርጫም ያስፈልጋል። ጥር ምርት የተሰበሰበበት፣ እጅ ላይ ገንዘብ ያለበት፣ መንገዱም ደረቅ የሆነበት ወር ነው፤ በጥር ታችኛው መንጋጋ ላይ የገባ ኢምፕላንት እስከ ግንቦት ለክራውን ይደርሳል፤ የእርሻ ሥራ ሳይጠናከርና ዝናቡ ሳይበረታ ሥራው ያልቃል። የላይኛው እስከ ሐምሌ የሚዘልቅ ከሆነ እስከ መስከረም ቢቆይ ብሎኑን አይጎዳውም። ቀዶ ሕክምናውን ከዐቢይ ጾም በፊት ማድረግ ሌላም ጥቅም አለው፤ እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች በባዶ ሆድ ሲወሰዱ ጨጓራን ይጎዳሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ደግሞ የጠዋቱን ኪኒን የሚወስድበት ምግብ የለውም። በጾም ወቅት መሥራት የግድ ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ነግሮ የመድኃኒቱን ሰዓት ማስተካከል ይቻላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት ፊት ማበጥና ምራቅ በጥቂት ደም መቅላት የሚጠበቅ ነው፤ እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን በርትቶ ከዚያ ይቀንሳል። ከአራተኛው ቀን በኋላ እየባሰ የሚሄድ እብጠት፣ መግል፣ ትኩሳት ወይም የማደንዘዣው ጊዜ ካለፈም በኋላ የማይመለስ የከንፈር መደንዘዝ ካለ፣ የቀጠሮ ቀን ሳይጠበቅ በዚያው ዕለት መደወልና መሄድ ያስፈልጋል።